ተጠባባቂው በረኛ

በዘጠኝ ዓመቴ ሽጉጥ የታጠቀ ፖሊስ ደጃፋችን ላይ አቁሜያለሁ። ይህን ባወራሁ ቁጥር ወንድሜ ሩዲ፣ «ያቆመው የተቆለፈው በር ነው፤ አንቺማ ሶፋ ሥር ነበርሽ» ይላል። ሶፋ ሥር መሆኔን መቼ ካድኩ። የጦር አዛዥ የግድ ግንባር ላይ ተገትሮ ያዛል ያለው ማነው?

ቶርቪክ የምትባለው ከተማችን በሰሜን ሚኒሶታ፣ በብረት ማዕድኑ ጉድጓድና በሐይቁ መካከል የተሸጎጠች ናት። የዚያን ዓመት የካቲት ያላየ ሰው ብርድ አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ከበረንዳ የደፋነው ሾርባ መሬት ሳይደርስ ጠጠር ሆኖ ይንኳኳ ነበር። የአባቴ መኪና ሞተሯ እንዳይቀዘቅዝ ሌሊቱን በኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ ላይ ተሰክታ ካላደረች ጠዋት አትነሳም። ውሻችን ካልሲ ሳያደርግ ለሽንት አይወጣም። ቁራ ከዛፍ ላይ በድን ሆኖ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ቁራ አይደለም፣ መንጋ።

ያን ቅዳሜ አባቴና እናቴ በማለዳ ተነስተው ወደ ሌላ ሐይቅ፣ ለዓሣ ማጥመድ ውድድር ሄዱ። ውድድር ይበሉት እንጂ በረዶውን በስቶ፣ ቀዳዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እስኪመሽ አንዳች ነገር ይነክስልኛል ብሎ መጠበቅ ነው። እናቴ ሩዲን፣ ታሚን አደራ (ታሚ እኔ ነኝ)፣ ማካሮኒው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው አለችው። አባቴ ደግሞ በሩን እየከፈትን አውራጃውን ሁሉ እንዳናሞቅለት አስጠነቀቀን። ሩዲ ለሁለቱም እንደ መልአክ ራሱን ነቀነቀ። መኪናቸው ከመታጠፊያው እንዳለፈ ስልኩን አነሳ።

ከምሳ በኋላ ቤታችን ሞላ። የትምህርት ቤቱ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን በሙሉ መጣ፤ እነሱን ተከትለው ሴቶቹ መጡ፤ ሴቶቹን ተከትሎ ማንም ያልጠራው ሁሉ መጣ። ሁለት ግዙፎች የቢራ በርሜል ተሸክመው ገብተው መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ አስተኙት፤ ከደጅ በረዶ በአካፋ እየዛቁ እስከ አንገቱ ቀበሩት። እኔ የታመመ ሰው የሚያስታምሙ መስሎኝ ፎጣ አመጣሁላቸው።

በዚያ ዘመን በግዛታችን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው መጠጥ መንካት አይፈቀድለትም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በመጠጥ የተገኘ ተጫዋች ከቡድኑ ይወጣል ብሎ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። የግዛቱ ሻምፒዮና የሚጀመረው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ቶርቪክ ሰባት ትውልድ ሙሉ የጠበቀችው ሻምፒዮና ነው፤ ከተማዋ ገና ሰባት ትውልድ አልኖራትም የሚል ካለ እሱ የሆኪ ሰው አይደለም። ቄሱ እንኳ ስብከታቸውን እያሳጠሩ ስለ ግብ ጠባቂያችን ጉልበት ይጠይቁ ነበር።

የእኔ ሹመት ካፖርት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ካፖርቱ ወላጆች አልጋ ላይ ይከመራል፤ ይህ በእኛ ዘንድ ከጸሎት አያንስም። እየተቀበልኩ፣ እየተሸከምኩ፣ እየከመርኩ ጣሪያ ልነካ ምንም አልቀረኝም። ሁሉም የለበሱት አንድ ዓይነት የቡድን ጃኬት ነው፤ ሰማያዊ ሱፍ፣ ነጭ የቆዳ እጅጌ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደናበር ነበር። እኔ በሽታው እለይ ነበር። የሩዲ የእግር ላብ ይሸታል፤ እንዴት ጃኬቱ ላይ እንደወጣ እግዜር ይወቅ። የከርት ሊንድግሬን ደግሞ ሚንት ከረሜላ፣ ሚንት ከረሜላ ይላል። ከርት ዋናው በረኛ ነው። የጠበቃው የሚስተር ሊንድግሬን ልጅ፣ ቁመቱ ከበሩ መቃን የሚተካከል፣ ሲስቅ ሰው ሁሉ ምን እንዳሳቀው ሳይጠይቅ አብሮት የሚስቅ። ያን ያህል ከረሜላ የሚወድ ልጅ ጥርሱ እንዴት እንዲህ ነጣ እያልኩ እገረም ነበር።

አረቄ ነበር። የሚንት አረቄ፣ በጠፍጣፋ ጠርሙስ፣ በውስጥ ኪሱ። ያን ለማወቅ ግን የራሴን የመጀመሪያ ጠርሙስ መክፈት ነበረብኝ።

የቡድን ጃኬት ያልነበረው ዳርል ፒርኮ ብቻ ነው። ጃኬቱን የሚገዛው ወላጅ ነው፤ የዳርል አባት በማዕድኑ ጉድጓድ ሞቷል፣ እናቱ የትምህርት ቤቱን ምሳ ትሠራለች፤ ዳርልም ቀትር ላይ ከእሷ ጋር ሳህን ያጥባል። ስለዚህ የአባቱን ቡናማ የሥራ ካፖርት ለብሶ መጣ። ካፖርቱ ናፍጣ ይሸታል። እኔ ከክምሩ አናት ላይ አስቀመጥኩት፣ እንዳይጨማደድ።

ዳርል ተጠባባቂ በረኛ ነበር። ከርት ካልታመመ አይገባም፤ ከርት ደግሞ አይታመምም። ሦስት ዓመት ሙሉ ትጥቁን ታጥቆ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንደኛ ክፍል እያለ ሕመም ይዞት አንድ ዓመት ስለተቃጠለበት ከሁሉም ይበልጣል፤ በጥር ዐሥራ ስምንት ሞልቶታል።

ያን ቀን ቢራውን አልነካም። ወጥ ቤት ከእኔ ጋር ማካሮኒ በላ፣ ወተት ጠጣ። ለባሕር ኃይል ፈርሞ ነበር፤ ትምህርት በተዘጋ ማግስት፣ በሰኔ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል። መልማዩ ያስቀመጡለት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ እስከዚያ ከፖሊስ ጋር ስሙ አብሮ እንዳይነሳ። አንዲት ክስ ብትኖርህ ደጄን አትርገጥ ብለውታል። ይህን ሲነግረኝ ሹካውን አስቀምጦ ነው።

«ባሕሩ አይረጋም? እንደኛ ሐይቅ?» አልኩት።

«እኔ የምሄድበት አይረጋም።»

«በየካቲትም?»

«በየካቲት ሰዎቹ በባዶ እግራቸው ነው የሚሄዱት።»

ይህን ካለ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ በዚያች ደቂቃ ላገባው ወሰንኩ። እስከ ዛሬ ሦስት ባል አግብቻለሁ፤ አንዳቸውም ስለ ባዶ እግር እንደሱ አላወሩልኝም።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

ሙዚቃው ተቆረጠ። መጋረጃዎቹ ተዘጉ። ያ ሁሉ ግዙፍ ምንጣፉ ላይ ተዘረረ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፤ ከውጭ የሚመጣ ቢያይ ቤቱ ላይ መርዝ ተረጭቷል ይላል። ሩዲ ወገቤን ይዞ ሶፋ ሥር ከተተኝና አፉን ጆሮዬ ላይ ለጠፈ። ጨዋታ ነው አለኝ። ዝም ያለ ያሸንፋል፤ ያሸነፈ የሆኪ ሜዳውን በረዶ በሚያለሰልሰው መላጊያ መኪና ላይ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል። እዚያ መኪና ላይ ለመውጣት የማይሸጥ ነፍስ በቶርቪክ አልነበረም። አፌን ቆለፍኩ።

ከውጭ ድምፅ መጣ። «ሃውግ ነኝ። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው አለ?»

ሃውግን የማያውቅ የለም። ከተማችንን የሚጠብቅ ፖሊስ ነው፤ በወጣትነቱ ለዚሁ ቡድን ተጫውቷል፤ ፎቶው ከነ ሙሉ ጥርሱ ሜዳው መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ በር አለመክፈታችን አሳፈረኝ። ከሁሉ ይልቅ ግን ያስጨነቀኝ ጥያቄው ነው። ትልቅ ሰው አለ ወይ? እኔ ትልቅ ሰው የምለው ስሙ የተጠራ፣ ሐውልት የሚቆምለት ነው። እዚህ ቤት ውስጥ የሚገኝ አልመሰለኝም።

ከርት እንደ አዞ በሆዱ እየተሳበ በመካከላቸው ዞረ። አባቱ በመኸር ትምህርት ቤት መጥተው ለተመራቂዎቹ ስለ መብት አስተምረው ነበር፤ ያሉትን ሁሉ እያንሾካሾከ አስታወሳቸው። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ፣ የዳኛ ወረቀት ካልያዘ ወይም ውስጥ ሰው እየሞተ ካልሆነ፣ ፖሊስ መግባት አይችልም። ልፈትሽ ወይ ካለ አልፈቅድም ማለት ነው። ከጠየቀ መልስ መስጠት ግዴታ አይደለም። ትምህርቱ ከቀትር በኋላ ሳይሆን ልክ በምሳ ሰዓት ነበር የተሰጠው። ዳርል በዚያ ሰዓት ሳህን ያጥባል።

ሃውግ ደጋግሞ አንኳኳ። ከዚያ ሳይቆጣ፣ ጎረቤት እንደሚያወራ አድርጎ ነገረን። መኪኖቻችንን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። የዳኛ ወረቀት የለውም፤ በርም አይሰብርም። ነገር ግን ትኩስ ነገር በፔርሙስ ይዟል፣ ነዳጁም ሙሉ ነው። ሚስተር ኮስኪ ከዓሣቸው እስኪመለሱ መግቢያው ላይ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ሚስተር ኮስኪ ማለት አባቴ ነው። ሩዲ ስሙን ሲሰማ ምንጣፉን ነከሰ፤ በጥርሱ ነው የምላችሁ።

የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማን። ሞተሩ አልጠፋም።

ምንጣፉ ላይ ሹክሹክታ ተነሳ። በሐይቁ በኩል እንሩጥ አለ አንዱ፤ ሐይቁ ገላጣ ነው፣ ደግሞስ መኪኖቹ? ሌላው ማልቀስ ጀመረ፣ ተከላካዩ፣ በሬ የሚያክል። አባቴ ከመጣ ሁሉም ይወጣል፣ ሁሉም ከወጣ ሻምፒዮናው የለም። ከርት ግን ያስብ ነበር። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከተ። ዳርል እዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል፤ የወተት ብርጭቆው በእጁ ነው።

«ዳርል፣ አንተ ዐሥራ ስምንት አልሞላህም?» አለው ከርት።

«በጥር።»

«በሕግ ትልቅ ሰው ነህ ማለት ነዋ።»

ሁሉም ዳርልን አየው። እኔም በሶፋው ሥር አየሁት። ከሁለት ደቂቃ በፊት ከእኔ ጋር ማካሮኒ የበላ ሰው።

ከርት አስረዳ። ሃውግ የጠየቀው ትልቅ ሰው ነው። እኛ ልጆች ነን፣ ልጅ ከፖሊስ ጋር መነጋገር አይፈቀድለትም፤ ውሸቱን ነው፣ ግን የጠበቃ ልጅ ሲናገረው ማን ይጠራጠራል። ዳርል አልጠጣም፣ አፉን ቢያሸተው ወተት ነው። ስለዚህ ወጥቶ፣ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ኃላፊው እኔ ነኝ ይበለው። ሃውግ ኃላፊ ካገኘ ልቡ አርፎ ይሄዳል።

ጃኒን የምትባል የሩዲ ፍቅረኛ ነበረች። እሷ ብቻ ቀና ብላ፣ «የባሕር ኃይሉስ ነገር?» አለች።

«ያልጠጣ ሰው ምን ይሆናል?» አለ ከርት። «ደሞ ለሻምፒዮናው አይሰለፍ።»

ሩዲም አላስቻለውም። «በረኛ አይደለህ እንዴ? በሩን ያዝልና» አለው። ምንጣፉ ላይ የተዘረረው ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ሳቀ፤ ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ በወለሉ በኩል ተሰማኝ። ዳርልም ሳቀ። ብርጭቆውን ከግድግዳው ጥግ አስቀምጦ፣ «እሺ» አለ።

እኔ ምርጫ ያየሁ ነበር የመሰለኝ። ያን ሁሉ ጀግና ዘለው፣ ከርትን እንኳ ዘለው፣ ትልቁ ሰው አንተ ነህ ብለው ዳርልን ሾሙት። ደስታዬ ከሶፋው ሥር ሊያስፈነጥረኝ ደረሰ። ምን ዓይነት ዓይን እንዳለኝ አያችሁ፤ ከሁሉም ቀድሜ መርጬው ነበር።

ዳርል «ካፖርቴን» ሲል ከርት እጁን አነሳ። በዚያ ካፖርት ብትወጣ ሌባ ነው የምትመስለው አለው። ሃውግ የቡድን ሰው ነው፣ የቡድን ሰው ይወጣለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ታሚዬ፣ የኔን ጃኬት ታመጪለታለሽ?» አለኝ። ስሜን ያቆላመጠልኝ ያኔ ብቻ ነው።

እንደ ኮማንዶ ተሳብኩ። መጋረጃው ተዘግቶ ጨለማ በሆነ ክፍል፣ ከዚያ ሁሉ አንድ ዓይነት ጃኬት ውስጥ፣ አፍንጫዬን እየሰካሁ የከርትን ለየሁ። ሚንት። አንድ ጎኑ ይከብዳል፤ ከረሜላውን በኪሎ ነው የሚገዛው አልኩ። አምጥቼ እኔው ራሴ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ትከሻው ላይ ደረብኩለት። ትከሻው ጠበበው። ዳርል እጅጌውን ዳሰሰ፣ ነጩን ቆዳ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ልክ ነው?» አለኝ።

በዝምታው ጨዋታ ላለመሸነፍ ራሴን በመነቅነቅ ብቻ መለስኩለት። እንደዚያ ያማረ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከርት ጠርሙሱን ረስቶት ነው ብዬ ብዙ ዓመት አምኜያለሁ። ሰው ይረሳል። በሦስተኛው ሠርጌ ላይ ከርት ሞቅ ብሎት ሲያስደንሰኝ፣ ያን ቀን ጠርሙስህን ባትረሳ ኖሮ አልኩት። ጭፈራውን ሳያቋርጥ ሳቀብኝ። «ረስቼው ነው የሚመስልሽ? ባዶ እጁን ቢወጣ ሃውግ አውርቶት ተመልሶ ይቀመጣል። ጠርሙስ የያዘ ትልቅ ሰው ካገኘ ግን ጭኖ መሄድ አለበት። ታርጋው ዞር ሲል እኛ ወጣን።» ይህን ብሎ አዞረኝ። ጥሩ ደናሽ ነው።

በሩ ስንጥቅ ያህል ተከፈተ፣ ዳርል ወጣ፣ ከኋላው ተቆለፈ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።

እኔ ከመጋረጃው ሥር ገብቼ ብርጭቆው ላይ የጋገረውን በረዶ በአውራ ጣቴ አቀለጥኩ። ጆሮዬ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሐይቁ ማዶ ዓሣ ሲያስነጥሰው እሰማለሁ። በዚያ ላይ እንደዚያ ባለ ብርድ አየሩ እንደ ብረት ስለሚደርቅ ደጅ የሚያወራ ሰው አጠገብህ ያለ ይመስላል።

ሃውግ ከመኪናው ወርዶ ጓንቱን ሳያወልቅ ጨበጠው። እናትህ ደህና ናት ወይ አለው። ደህና ናት ጌታዬ አለ ዳርል።

«ትልቁ ሰው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ። ኃላፊው እኔ ነኝ።»

ሃውግ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን አጣመመ። ቀስ ብሎ፣ የምትለውን አስብበት፣ ምንም መናገር የለብህም፣ ታውቃለህ አይደል አለው። ዳርል የምደብቀው ነገር የለኝም ሲል መለሰ። ሃውግ ኪስህን ልይ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ወዲያው ደግሞ፣ እምቢ ማለት ትችላለህ ብሎ ጨመረበት። ኋላ ላይ ፍርድ ቤትም ይህንኑ ተናግሯል፤ እምቢ በለኝ ብዬ ለምኜው ነበር ማለት ይቀረኛል አለ።

«ይዩ ጌታዬ» አለ ዳርል፤ ሁለት ክንዱን እንደ በረኛ ዘረጋለት።

ሃውግ እጁን በደረቱ በኩል ሰደደና ጠፍጣፋውን ጠርሙስ አወጣ። ዳርል መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እዚያው ቀረ፣ የሚያወርደው አጥቶ።

«ጃኬቱ የኔ አይደለም» አለ።

«የማን ነው?»

ዳርል ወደ ቤቱ ዞረ። በመስኮቱ ቀዳዳ ዓይን ለዓይን የተያየን መሰለኝ። ስሙን አልጠራም። እኛ ዘንድ የቡድን ልጅ ስም ለፖሊስ አይጠራም። ባለቤቱ ራሱ እስኪወጣ ነበር የሚጠብቀው።

ሃውግ ጥቂት ጠብቆ ድምፁን ወደ እኛ ከፍ አደረገ። «ስሙኝ። ይህ ልጅ ዐሥራ ስምንት ሞልቶታል። ኃላፊው እኔ ነኝ ብሏል፣ ኪሱ ውስጥ ይሄ ተገኝቷል። ለልጆች መጠጥ በማቅረብ ነው የምከሰው። ጃኬቱ የሌላ ከሆነ አንድ ሰው ስሙን ይንገረኝ። በሩን አትክፈቱ፣ መውጣትም አያስፈልግም፣ በመስኮት ይበቃኛል። እሱን ወደ እናቱ እልከዋለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ካፖርት እንደ እኔ የሚያውቅ የለም። የሩዲ መዳፍ አፌን ገጠመው። ዝም ያለ ያሸንፋል አለኝ። ከጎኔ ከርት ተኝቷል፤ ጉንጩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። ጃኒን ቀና አለች። ከርት ዓይኑን ሳይገልጥ ክንዷን ያዛት፤ እሷም መልሳ ተኛች።

ሃውግ ሁለተኛ ጠራ። በዚህኛው ማንም አልያዘኝም። ሩዲ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ግን ያ የበረዶ መላጊያ መኪና ትዝ አለኝ፣ ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር፤ እንደ ድንጋይ ዝም አልኩ። ዝምታ ማለት ያን ቀን የነበረው ነው። እንጨት ምድጃው ውስጥ ሲሰነጠቅ ሰው ሁሉ የተተኮሰበት መስሎት ተንዘፈዘፈ።

በዚያ ቤት ሕግ የጣሰ የለም። ቢራውን እንተወውና፣ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ማለቴ ነው። መናገር ግዴታ አልነበረም። ከርት ዛሬ የአባቱን ቢሮ ወርሶ ጠበቃ ሆኗል፤ እሱም በየመኸሩ ትምህርት ቤት ሄዶ ተመራቂዎችን ስለ መብታቸው ያስተምራል። ጥሩ ያስተምራል ይላሉ። የእኔንም ልጆች አስተምሯል።

ሃውግ የዳርልን እጅ ወደ ኋላ አደረገ፤ ራሱን እንዳይመታ በመዳፉ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ አስቀመጠው። ቀዩና ሰማያዊው መብራት ሲበራ ትልቅ ሰው እንዲህ ታጅቦ ነው የሚሄደው አልኩ። መኪናው እንደታጠፈ ቤቱ ፈነዳ። ተቃቀፉ። በርሜሉን እስከ ሐይቁ አንከባለሉት፤ ብርጭቆ ታጠበ፤ ገንዳው ተፋቀ። ምሽት ላይ ወላጆቼ ሲመጡ ቤቱ የሳሙና ሽታ ይሸት ነበር። እናቴ ሩዲን ግንባሩን ሳመችው። የቀረው አልጋው ላይ አንድ ቡናማ ካፖርት ብቻ ነበር፤ ሩዲ ወደ ጋራዡ ይዞት ሄደ።

የዳርል እናት ወደ ሚስተር ሊንድግሬን ቢሮ ሄዳ ጠበቃ እንዲሆኑለት ለመነች። እሳቸውም አዝነው፣ ይህን ጉዳይ መያዝ እንደማይችሉ ነገሯት፤ ለምን እንደሆነ ግን ሊነግሯት ግዴታ የለባቸውም። ዳርል ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዕድሜው ሞልቷልና ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ እኔም ስሙን ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። የባሕር ኃይሉ መልማይ አንድ ጊዜ ደውለው ከእናቱ ጋር አጭር ንግግር አደረጉ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በወቅቱ የማውቀው ዳርል ትልቅ ሰው ሆኖ መሰየሙንና እኔም በበረዶ መላጊያው መኪና ላይ ሜዳውን ሁለቴ መዞሬን ነው። ሕዝቡ ከተጫዋቾቹ ይልቅ እኔን ነበር የሚያየው።

ሻምፒዮናውን አሸነፍን። ከርት የመለሳትን ኳስ ቁጥር አትጠይቁኝ፤ ብናገር አታምኑኝም። በመጋቢት ማለቂያ ሰልፍ ተደረገ። ዋናው መንገዳችን አጭር ስለሆነ ሰልፍ ሲኖር ዳር ደርሶ ይዞርና በድጋሚ ያልፋል፤ አለዚያ ሰው ለማጨብጨብ እጁን ሳያወጣ ያልቃል። ቡድኑ የእሳት አደጋ መኪና አናት ላይ ተሰቅሎ ለሕፃናቱ ከረሜላ ይበትናል። ከመኪናው ኋላ ሙዚቀኞች፣ ከሙዚቀኞቹ ኋላ ፈረሶች፣ ከፈረሶቹ ኋላ ደግሞ ብቻውን፣ የሚያበራ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ ዳርል።

ረጅም መቆንጠጫና ጆንያ ይዟል። ፍርድ ቤቱ እስከ በጋ መንገድ እንዲያጸዳ ፈርዶበት ነው። እኔ ግን ሰልፉን ለመዝጋት የተመረጠ መሰለኝ፤ የተለየ ልብስ ያለው እሱ ብቻ ነበር። አንዳንዶች፣ በረኛው መጣ፣ ባዶ ጣሳ አለልህ እያሉ ከእግሩ ሥር ወረወሩለት። እሱም አነሳላቸው። በገመዱ ሥር አልፌ ሮጥኩና አጠገቡ መሄድ ጀመርኩ።

የምነግረው ታላቅ ዜና ነበረኝ። አሸንፌያለሁ አልኩት።

«ምኑን?» አለ፣ ከመሬት ዓይኑን ሳያነሳ።

«ዝምታውን። ሃውግ ጃኬቱ የማን ነው ሲል ልናገር ነበር፣ ሩዲ አፌን ያዘኝ። ሁለተኛ ሲጠራ ግን ማንም ሳይዘኝ ዝም አልኩ። እኔ አሸነፍኩ።»

መቆንጠጫው አየር ላይ ቀረ። የጨመቃት ጣሳ ተጨመደደች።

«ይሰማችሁ ነበር?»

«እያንዳንዷ ቃል» አልኩት። ጆሮዬ ምን ያህል ሹል እንደሆነ ላስረዳው ጀመርኩ፤ አቋረጠኝ።

«እኔ እኮ ሙዚቃውን መልሳችሁ የከፈታችሁት መስሎኝ» አለ። «ለእናቴም እንደዚያ ነው ያልኳት። አልሰሙም ነበር አልኳት።»

«ሙዚቃ አልነበረም። ጸጥ ብሎ ነበር።»

«ከርትም ሰማ?»

«ከርት እኮ አጠገቤ ነበር» አልኩት፣ በኩራት።

ሰልፉ ዳር ደርሶ ዞሮ እየተመለሰ ነበር። የእሳት አደጋው መኪና እያፏጨ መጣና ጎናችን ደረሰ። ከርት ከላይ ሆኖ አየን። ከረሜላውን በሙሉ እፍኙ ዘግኖ፣ አንዷን ለይቶ፣ ወደ ዳርል ፊት በኃይል ወረወራት። የዳርል ግራ እጅ ራሷ ተነሳች። ሰውየው ገና መሬቱን እያየ፣ እጁ ከረሜላዋን ከጆሮው ጥግ፣ አየር ላይ ቀለበቻት። በሦስት ዓመት ውስጥ በሕዝብ ፊት የያዘው ያችን ብቻ ነው።

መንገዱ በጭብጨባ ተናወጠ። ያፏጩ ነበሩ። ከርትም ከላይ ሆኖ አጨበጨበለት።

ዳርል ጡጫውን ከፍቶ አየው። ከረሜላዋን ጆንያው ውስጥ ጣላት፤ ጎንበስ ብሎ ቀጣዩን ጣሳ አነሳ። ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላ ብቻዬን ቀርቼ አጨበጭብ ነበር፤ ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፣ እጄ ቀልቶ እስኪያብጥ ድረስ።